መንገድ የሌላቸው ሰባት ጎጆዎች

ፎቶግራፍ ሊነሳ የተቀመጠ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሲስቅ የኖረው ይኮሳተራል፣ ሲኮሳተር የኖረው ጥርሱን ያሳያል፤ እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋበትም እንደ ሰው ዕቃ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል። በጃንሆይ ጊዜ ነቀምት ላይ አንድ ፎቶ ቤት ነበር። ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሎ ይውላል። ኮት የሌለው ይለብሰዋል፤ ኮት ያለውም የራሱን አውልቆ ይለብሰዋል፣ የፎቶ ቤቱ ይበልጣላ! ዛሬም ባኬ ጃማ በሚባለው የነቀምት ሰፈር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞራችሁ የድሮ ፎቶ ብትለቃቅሙ፣ ያ ኮት አዲስ ከነበረበት ጊዜ አንስቶ ክርኑ እስኪነጣ ድረስ ያሳለፈውን ዕድሜ ትከታተላላችሁ። ሰዎቹ ይለዋወጣሉ፣ ኮቱ ያው ነው። እኔም ለብሼዋለሁ። ስለዚህ በማንም አልስቅም።

ሰው ለፎቶ ሲሆን የሚዋሸው ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም። «ከእንግዲህ የሚያውቁኝ በዚህ ነው» ብሎ ስለሚፈራ ነው። የሚፈራ ሰው ደግሞ ያሳዝነኛል። ይህን የምለው አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን አንድ አገር በሙሉ ፎቶ ለመነሳት ሲኳኳል በዓይኔ ስላየሁ ነው። አገር ፎቶ ሲነሳ ምን እንደሚመስል ካላያችሁ ቁጭ በሉና ላውራችሁ።

ያኔ ነቀምት በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ የፍርድ ቤቱንም መዝገብ የምጽፈው እኔ ነኝ። አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ እኔ እዚያው ተወልጄ በአማርኛም በኦሮምኛም እሳደባለሁ፣ በሁለቱም እታረቃለሁ። ጽሕፈቱ ያምራል ይባልልኝ ነበር። ሌላ የሚባልልኝ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ፤ ለካርታ ሥራ አውሮፕላን በወለጋ ሰማይ ላይ እየተመላለሰ መሬቱን ፎቶግራፍ ስለሚያነሳ ሕዝቡ እንዳይደነግጥ ይነገረው ይላል። ይኸው ነው። አውራጃው ለወረዳው ጻፈ፤ ወረዳው ለምክትል ወረዳው ጻፈ፤ ምክትል ወረዳው ለጭቃ ሹሙ ነገረ፤ ጭቃ ሹሙም በገበያ ቀን ድንጋይ ላይ ወጥቶ ለፈፈ። ሹም የተባለ ሁሉ የተቀበለውን ትእዛዝ ምንም ሳይጨምርበት ማስተላለፍ ውርደት ይመስለዋልና፣ ደብዳቤው ገበያ ሲደርስ «ጃንሆይ አገሩን በፎቶግራፍ ሊያዩት ነው፤ ተሰናዱ!» ሆኖ ነበር።

ተሰናዳን። አጥር ታደሰ፤ የሣር ክዳን ተቀየረ፤ ከደጅ ላይ አረም ተነቀለ። አርጆ ላይ አንድ ገበሬ ሁለት በሬዎቹን ወንዝ አውርዶ በእንዶድ አጠባቸው። የሚሲዮኖቹ ወገን የጸሎት ቤታቸውን ግድግዳ ኖራ ቀቡት ሲባል፣ የእኛ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ደግሞ እልህ ይዟቸው ቆርቆሮውን ሊወለውሉ ጣሪያ ላይ ወጡ። ከታች ሆነው ሲመለከቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «እስከ ዛሬስ ከላይ የሚያየን አልነበረም እንዴ?» አሉ። ጣሪያው ላይ ያሉት መወልወላቸውን ቀጠሉ።

አሁን ሁለት ሰዎች ላስተዋውቃችሁ። አንደኛዋ አዴ ዋቅቶሌ ናቸው። ከአርጆ ወረድ ብሎ ቡርቃ ሜጢ በሚባል ምንጭ አጠገብ፣ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ብቻቸውን የሚያርሱ ባልቴት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ዝም ሲሉ ግን የሚያስፈሩ ሴት ነበሩ። ሁለተኛው ባላምባራስ ጉተማ ናቸው፤ ከምንጩ ማዶ ሰፊ ርስት ያላቸው፣ እንግዳ የሚወዱ፣ ለለቅሶ የሚደርሱ፣ የሰው መሬት ሲያዩ ግን ዓይናቸው የሚቅበዘበዝ ሰው። የአዴ ዋቅቶሌ ባል በሞተ በዓመቱ ባላምባራስ ነቀምት ፍርድ ቤት ቀረቡና፣ «ያ መሬት ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የከብቴ መሰማሪያ ነው፤ ጭሰኞቼም ይኖሩበታል፤ ሴትዮዋ ዝም ብላ ነው የምትጠጋበት» ብለው ከሰሱ። አዴ ዋቅቶሌ ወረቀት የላቸውም። ምስክር የሚሆኑት ጎረቤቶች ደግሞ ወይ የባላምባራስን እህል የበሉ ናቸው፣ ወይ ሊበሉ ተስፋ የሚያደርጉ። መሬቱ ከተወሰደ ሴትዮዋ ለልመና አርጆ ገበያ ከመቀመጥ በቀር የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

ባላምባራስ ስለ አውሮፕላኑ ሲሰሙ ገባቸው። ወይም የገባቸው መሰላቸው። የጃንሆይ ፎቶግራፍ ካነሳው ወዲያ ማን ይከራከራል? ደቦ ጠሩና በስምንት ቀን ውስጥ በዚያ መሬት ላይ ሰባት ጎጆዎች አቆሙ። ጣሪያቸው አዲስ፣ ምሰሷቸው ቀጥ ያለ፣ እውነት ለመናገር ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች ይልቅ ያምሩ ነበር። ከዚያ ከዘመድ ከወዳጅ ከብት ተዋሱና አውሮፕላኑ ይመጣል በተባለበት ሰሞን ሜዳውን በከብት ሞሉት። አዴ ዋቅቶሌ በበኩላቸው ምንም አላደረጉም። በዚያ ሰሞን ያደረጉት ነገር ቢኖር ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ነው፤ ደላቸውን ነቅለው ከጎኑ ተከሉ።

ደላ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በዚያ አገር ከብት አንድ በረት ውስጥ ለዘለዓለም አያድርም። አጥሩ ተነቃይ ነው፤ ከእንጨትና ከቀርከሃ ይሠራል። ከብቱ ጥቂት ቀን ያድርበትና መሬቱ ፍጉን ሲጠግብ አጥሩ ይነቀልና እዚያው ጎን ይተከላል፤ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ከዚያ ጎን። እንዲህ እያለ በረቱ በእርሻው ላይ በዓመታት ውስጥ በዝግታ ይጓዛል። ፍግ ያረፈበት ቦታ በቆሎው ሲወጣ ይጠቁራል። ለእግረኛ ይህ ሁሉ ምንም አይደለም፤ ጭቃና ዝንብ ነው።

አውሮፕላኑም መጣ። ለስንት ቀን ጠብቀነው ለትንሽ ደቂቃ እያጉረመረመ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰና ወደ ጊዳ አያና አቅጣጫ ሄደ። ባላምባራስ ነጭ ለብሰው በከብቱ መካከል ቆመው ሽቅብ ሲያዩ ነበር አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ይሏችኋል ይህ ነው።

በሳምንቱ ፍርድ ቤቱ ቦታውን አይቼ እንድመዘግብ ላከኝ። ደረስኩ። ባላምባራስ በር ላይ ተቀበሉኝ፤ ወይፈን ታርዷል፤ ጠጅ ተጥሏል። ከበላን ከጠጣን በኋላ ወደ ጎጆዎቹ ወሰዱኝ። ከሰባቱም ጭስ ይወጣል። ወደ ውስጥ አንገቴን ሳሰግግ በአንዳቸውም ውስጥ ምድጃ የለም፣ መደብ የለም፣ ቁራሽ ሰሌን እንኳን የለም፤ መሬት ላይ የተቆሰቆሰ እሳት ብቻ። አየሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ግን «ጭስ የሚወጣባቸው ሰባት ቤቶች በቦታው ቆመው አይቻለሁ» ብዬ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ መዘገብኩ። ቃል በቃል ብትመረምሩት ውሸት የለበትም። ወጪት ሰባሪ ላለመባል የጻፍኩት ነው፤ ስመለስ ግን በቅሎዋ ላይ ሆኜ ፊቴን ሰው እንዳያየው ባርኔጣዬን ዝቅ አደረግሁት።

ነገሩ ያን ቀን ያልቃል ያለ ሰው አልነበረም፤ አላለቀም። ዳኛው የጎጃም ሰው ነበሩ፤ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚሰሙ። መዝገቤን አነበቡ፤ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ቀጠሮ ሰጡ። ከዚያም ሌላ ቀጠሮ። አዴ ዋቅቶሌ ከአርጆ ነቀምት በእግራቸው እየተመላለሱ፣ ባላምባራስ በበቅሎ እየተመላለሱ፣ ሁለት ክረምት አለፈ።

ያን ጊዜ ነው ፎቶዎቹ የመጡት። ይዟቸው የመጣው አቶ ክፍሌ የሚባል የካርታ ሥራ ባለሙያ ነው፤ ወጣት፣ ንጹሕ፣ ጫማው ላይ ጭቃ ባየ ቁጥር የሚያዝን። ሥራው በፎቶው ላይ የሚታየውን ሁሉ እየጠየቀ ስም መጻፍ ነው፤ ይህ ወንዝ ማን ይባላል፣ ይህ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ ገበያ። አገር የሚያውቅ ሰው ስጡኝ ሲል እኔን ሰጡት።

ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጠና በላያቸው ባለ አራት እግር ትንሽ መነጽር አቆመ። «እይ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ እናንተዬ፣ ተራራው ከወረቀቱ ላይ ብድግ አለ! ሸለቆው ወደ ታች ሰረገደ። ጠረጴዛውን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ፤ የምወድቅ መስሎኝ። የተወለወለው ቆርቆሮ እንደ ጥፍር ያለች ነጭ ነጥብ ሆኗል። የታጠቡት በሬዎች የሉም። የባላምባራስ ከብት፣ ያ ሁሉ ብድር፣ ከነባለቤቱ የለም። ከሰማይ ሲታይ ለካ ከብት ቁም ነገር አይደለም።

የሚታየው ሌላ ነበር። ደኑ የት ድረስ እንደተመነጠረ፣ የትኛው ማሳ እንደደከመ፣ ሰው የትኛውን ወንዝ እንደሚሻገርና የትኛውን እንደሚፈራ። ከሁሉም በላይ የሚታየው መንገድ ነው። የበቅሎና የሰው እግር ሣሩን የበላበት ሁሉ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከቤት ወደ ምንጭ፣ ከቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መቃብር። ማን ከማን ጋር እንደሚዋደድ በዚያ ፎቶ መናገር ይቻል ነበር። ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ሠርተው በመካከላቸው መንገድ የሌለ አየሁ፤ አውቃቸው ነበር።

አቶ ክፍሌ በእርሳሱ ጫፍ ቡርቃ ሜጢን ጠቆመ። ከምንጩ አጠገብ እርስ በርስ የተያያዙ ጠቆር ጠቆር ያሉ አራት ማዕዘኖች ሜዳውን አቋርጠው ይሄዳሉ። በዳር በኩል በትንንሽ ፊደል «የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጽፎበታል።

«ምን ዓይነት ፍርስራሽ ነው?» አለኝ በጉጉት።

«ፍርስራሽ አይደለም» አልኩት። «ፍግ ነው።»

የአዴ ዋቅቶሌ ደላ ነበር። የባላቸው ዘመን፣ የራሳቸው ዘመን፣ አንዱ ካሬ ከሌላው እየደበዘዘ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያን መሬት ማን እንደያዘው ላሞቹ ጽፈውታል። አቶ ክፍሌ ከተማው ስለጠፋበት ትንሽ ከፋው፤ ላጲሱን አውጥቶ ሲያጠፋ ግን እርሳሱ ሌላ ነገር ላይ ቆመ።

«እነዚህ ሰባት ቤቶችስ? የማን ናቸው?»

«ምነው?»

«መንገድ የላቸውም።»

አየሁ። ሰባት ክብ ነጥቦች፣ እንደ ዶቃ የተደረደሩ። ወደ አንዳቸውም የሚሄድ አንዲት ክር የምታህል መስመር የለችም። ወደ ምንጩም የለም፣ ወደ እርሻም የለም፣ ከአንዱ ወደ ሌላውም የለም። ባላምባራስ ለሰማይ ሲዋሹ ጣሪያውን አስበዋል፤ እግር ማሰብ አልመጣላቸውም። ፎቶውን ሳየው ከሁለት ዓመት በፊት ባላምባራስ ቤት የበላሁት ጥሬ ሥጋ ትዝ አለኝ። ጭሱን መዝግቤያለሁ፤ መንገዱን ያልመዘገብኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን አንድ ነገር አደረግሁ፤ ከፍርሃቴ ብዛት እስከ ዛሬ እኔ ያደረግሁት አይመስለኝም። ዳኛው ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የተበላውንም ጭምር። አልተቆጡም። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱና አብረውኝ ወደ አቶ ክፍሌ ክፍል መጡ። ፎቶው የመንግሥት ስለሆነ ከዚያ አይወጣም፤ ስለዚህ ዳኛው ራሳቸው መነጽሩ ላይ ጎንበስ አሉ። ተራራው ሲነሳባቸው «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ደግመው ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ ቆዩ።

በቀጠሮው ቀን ባላምባራስን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋቸው። «አውሮፕላኑ ባለፈበት ጊዜ በእነዚያ ቤቶች ሰው ይኖር ነበር?»

«ከአባቴ ዘመን ጀምሮ፣ ክቡር ዳኛ! አሁንም ይኖራል።»

«በምን ገብተው በምን ይወጡ ነበር? በክንፍ?»

«አሁንስ ይኖራሉ፤ በእውነት ይኖራሉ፤ ሰው ይላክና ይታይ» እያሉ ባላምባራስ ቢለማመጡም የሰማቸው የለም። ፍርዱ ለአዴ ዋቅቶሌ ሆነ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። «መሬቱ የባልቴቲቱ ነው፤ ለማስመሰል የተሠሩት፣ ሰው የማይኖርባቸው ሰባት ባዶ ጎጆዎች ይፍረሱ» ይላል። ሲነበብላቸው አዴ ዋቅቶሌ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና የሚያፈርሰው መቼ እንደሚመጣ ጠየቁ። የቸኮሉ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሁለት ፖሊሶችና አንድ መጥረቢያ ይዤ ወረድኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የባላምባራስ ውሸት እያደር ምን እንደሆነ ግን ቦታው ስንደርስ አየሁ። ጣሪያው ላይ ዱባ ወጥቷል። በአጥሩ ሥር አንጮቴ የሚባለው የወለጋ ሥራ ሥር ተተክሎ ቅጠሉ ተጠምጥሟል። ከአንዱ ቤት ሕፃን ያለቅሳል፣ ከሌላው ሙቀጫ ይሰማል። ለካ እኔ ከመዘገብኩ በኋላ ባላምባራስ ነገሩ እንዳይነቃባቸው ፈርተው ከጊዳ አያና በኩል መሬት አጥተው የመጡ ሰባት ቤተሰቦችን አስፍረውባቸዋል። «በእውነት ይኖራሉ» ያሉት እውነታቸውን ነበር። ባላምባራስ በሕይወታቸው እውነት የተናገሩባት አንዲት ቀን ብትኖር ያቺ ናት፤ ያመናቸው አልነበረም።

ኦቦ ታሲሳ የሚባል ሰው ከፊተኛው ጎጆ ወጣ። መጥረቢያውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። አልለመነም። ወደ ውስጥ ተመልሶ የሕፃኑን አንቀልባ ይዞ ወጣና ከበሩ ጎን መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ዕቃ ማውጣት መጀመሩ ነበር። ሚስቱ ተከትላው እንስራ አወጣች። እንዲህ ያለ መባረር ለእነሱ የመጀመሪያው እንዳልነበር ከእጃቸው አወቅሁ፤ ምን ቀድሞ እንደሚወጣ ያውቁ ነበር። እመኑኝ፣ በዚያች ሰዓት ፍርዱን ከጻፈው እጄ ጋር መጣላት አማረኝ።

አዴ ዋቅቶሌ ከቤታቸው በኩል መጡ። «አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ፣ እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው። ደህና ነኝ አልኩ፤ አልነበርኩም።

«ይኼ ፎቶ መች ተነሳ?»

«ሁለት ዓመት አልፎታል፣ አዴ።»

«አርጅቷላ!» አሉ። «በአሮጌ ፎቶ ቤት ይፈርሳል?»

«የተፈረደው ለእርስዎ ነው። መሬቱ የእርስዎ ነው።»

«ኤዬ፣ የኔ ነው። እኔ ከባላምባራስ ጋር ተሟገትኩ እንጂ ከታሲሳ ጋር ተሟገትኩ? ሚስቱ ስትወልድ ማን ያዛት? እኔ። እኔ ስታመም ማን አረሰልኝ? እሱ።» እጃቸውን ወደ ሜዳው ዘረጉ። «ደላዬ እነሱ ደጅ ደርሷል። ያ አንጮቴ በማን ፍግ ያማረ ይመስልሃል?»

ያን ጊዜ መሬቱን አየሁት፤ ያለ መነጽር፣ በዓይኔ። ከሰባቱም በር መንገድ ይወጣል። ወደ ምንጩ ይሄዳል፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ከሁሉም የሰፋው፣ ሣሩ ጨርሶ የጠፋው ግን ከአዴ ዋቅቶሌ ደጅ ተነስቶ እነሱ ዘንድ የሚመጣው ነው። ሴትዮዋ ለሁለት ዓመት ነቀምት ድረስ እየሄዱ ስለነዚያ ቤቶች ሲከራከሩ፣ ሲመለሱ እዚያው እሳት ይጫጫሩ ነበር። መቼ እንደምንመጣ የጠየቁት ቤቶቹ ሳይፈርሱ ሊደርሱላቸው ነው።

ፖሊሶቹ እኔን ያያሉ፤ እኔ ፍርዱን አያለሁ። ፍርድ አለመፈጸም ያስጠይቃል። ወረቀቱን ዘርግቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የራሴን ጽሕፈት እንደዚያ ቀን አጥብቄ አንብቤ አላውቅም። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከሥሩ ጻፍኩ፦ «በፍርዱ ላይ የተጠቀሱት፣ ሰው የማይኖርባቸው ሰባት ባዶ ጎጆዎች በቦታው ተፈልገው አልተገኙም።» ለፖሊሶቹ አነበብኩላቸው። ትልቁ ፖሊስ አንገቱን እየነቀነቀ ወደ ሰባቱ ጎጆዎች ዞር ብሎ አየና፣ «ባዶ አላየሁም» ብሎ ጣቱን አተመ። የኦቦ ታሲሳ ሚስት እንስራዋን አንስታ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ነቀምት ስደርስ ዳኛው ወረቀቱን አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ እንደገና አደረጉ።

«በደንብ ፈልገሃል?» አሉኝ።

«በደንብ ነው የፈለግሁት፣ ክቡር ዳኛ። ወደ እያንዳንዱ በር የሚወስደውን መንገድ ተከትዬ።»

ከዚያ መዝገቡ ይዘጋ ብለው ፈረሙበት።